ጋሽ ይርጋና ባለ አንድ ጢሙ ዓሣ

የጋሽ ይርጋን ሞት የሰማሁት አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ የሚሄደው አውቶቡስ እንደ ልማዱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ነበር። በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ ሳለ የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን አቶ ንጉሤ ደወሉ።

"ጽጌ፣ ይርጋ አረፈ" አሉኝ።

"ወይኔ ጋሼ!" ብዬ ስጮኽ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ደንግጣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

አቶ ንጉሤ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም። "ልጁ ሊያ ደውላልኝ ነበር። አባዬ 'የማኅበሩ ሰዎች ይሸከሙኝ' ብሏል አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም አሉ። አሁን እኔ ምን ልበላት? ከማኅበር ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። እንዴት እንደወጣም አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አዎ፣ አውቃለሁ" አልኩ። ውሸቴን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ነገር ገብቶኝ አያውቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር መሰለኝ። እኛ በቅዱስ ገብርኤል ስም ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሥራ ስለማይፈቅድ በአሥራ ዘጠኝ ሳይሆን ለአሥራ ዘጠኝ በሚቀርበው ቅዳሜ ነው የምንሰበሰበው፣ በየተራ በየቤታችን። የጋሽ ይርጋ ተራ ሁልጊዜ ታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ ገብርኤል የገና ጾም ውስጥ ስለሚውል እሳቸው ዓሣ ያቀርባሉ። በገና ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ ማኅበር ውስጥ ማንም አያነሳውም። የጋሽ ይርጋን ዓሣ የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት አይፈልግም።

ረጅምና ጎበጥ ያሉ፣ እጃቸው ሰፊ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ለሚያጠኑ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ቆሮሶ ይመዝናሉ፣ የአምባዛ ሆድ ቀደው ምን እንደበላ ይጽፋሉ። ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳውንታውን አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከሻይ ጠረጴዛ በማትሰፋ ጎጆ ተቀምጠው ትኬት ሰጡ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። እኔ ብሆን ያንን ጎጆ በእግሬ መትቼ እጥላት ነበር።

አንድ ቃል ነበረቻቸው፦ "ይደር።" የፈለገው ነገር ቢመጣ ይደር ነው። ማኅበሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ "ይደር"። የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ ብዬ ብጮኽ "ይደር ጽግዬ፣ ነገ አንብበን መልስ እንጽፋለን"። አንድ ጊዜ ጥርሴ በጣም ታሞ ስልክ ብደውልላቸው "ይደር" ሲሉኝ፣ "ጋሼ፣ ጥርስ ያድራል እንዴ!" ብዬ ዘጋሁባቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሴንት ጄምስ ታውን እቤቴ ድረስ መጥተው ወደ ሐኪም ወሰዱኝ። አፋቸውና እግራቸው አይስማሙም ነበር።

ዓሣቸውን የሚያጠምዱት በዊንተር ነው፣ ሲምኮ ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን ቆፍረው። ሌላው ሰው ቆንጆ ቆንጆውን ዓሣ ሲፈልግ እሳቸው የሚሄዱት አንድ መልከ ጥፉ ፍለጋ ነው። ፈረንጆቹ ሊንግ ይሉታል፣ በርበትም የሚሉት አሉ። ጋሽ ይርጋ ግን "ባለ አንድ ጢሙ" ነው የሚሉት። አገጩ ላይ አንዲት ጢም አለችው፣ አንዲት ብቻ። ብዙ አጥማጅ መንጠቆው ላይ ሲያገኘው ተጸይፎ በረዶው ላይ ይጥለዋል። ጋሽ ይርጋ የተጣለውን ሁሉ እየለመኑ ይሰበስቡ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በየካቲት "ነይ፣ ዛሬ ታያለሽ" ብለው ወሰዱኝ። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ እንደ ፍራሽ ሆኜ ሄድኩ። ሐይቁ ላይ ስንደርስ ውሃው ላይ መኪና ቆሞ አየሁ። በገብርኤል! እግሬ አልሄድ አለኝ። እሳቸው መሰርሰሪያቸውን ተሸክመው እንደ ሜዳ ይራመዳሉ። በረዶውን በሱ፣ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡ፣ መንጠቆው ላይ የሞተች ትንሽ ዓሣ ሰክተው ታች ድረስ ለቀቁት። ከዚያ ከሥሩ ያለው ብረት የሐይቁን ወለል ቀስ እያለ እንዲመታ ክሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉት ጀመር፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

"ጋሼ፣ እዚህ ምን አለ ብለው ነው?"

"ታች አለ። እሱ ወለሉን ይዞ ነው የሚኖረው፤ ብርድና ጨለማ ነው የሚወደው። በሰመር ውሃው ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ወርዶ ይተኛል፣ ብዙም አይበላም። እኛ ስንንቀጠቀጥ እሱ ይነቃል።"

"ጤና የለውም!"

"እንዲያውም ሠርጉ በጥርና በየካቲት ነው" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ብዙው ዓሣ ሙቀት ሲመጣ ነው የሚራባው። እነዚህ ግን እዚሁ በረዶ ሥር፣ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ወጥተው እርስ በርስ ተጠቅልለው እንደ ልቃቂት ይሆናሉ። ሴቷ የምታፈሰው እንቁላል ስፍር ቁጥር የለውም።"

"ሽማግሌ የሚላከውስ በማን በኩል ነው?" አልኳቸው። ባልዲው ላይ ሆነው ተንቀጥቅጠው ሳቁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክሩ ከበደ። ሲጎትቱ ሲጎትቱ ከቀዳዳው አንድ ቡናማ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ግማሹ ዓሣ ግማሹ እባብ የሚመስል ፍጡር ወጣ። "ያዢልኝ" ብለው ሰጡኝ። እኔም ጅል፣ ያዝኩ። ጅራቱን ክንዴ ላይ ጥምጥም አደረገው! "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!" ብዬ ጮኽኩ፣ ሐይቁ ላይ ያለ ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። ጋሽ ይርጋ ዕንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ፈቱልኝ። ከዚያ ጣታቸውን ጢሙ ላይ አድርገው "አየሽ፣ ምግቡን በዚህች ነው የሚያገኘው። ታች ዓይን ብዙ አይረዳም። አገጩን ወለሉ ላይ አድርጎ እየዳሰሰ ነው የሚኖረው" አሉኝ። ሆዱን ዳሰስ አደረጉና "ሙሽራ ናት" ብለው መልሰው ለቀቋት። ቀጥሎ የመጣውን ግን ባልዲ ውስጥ ከተቱት።

እንዲህ እያሉ የሰበሰቡትን ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው ነው ታኅሣሥ የሚያበሉን። ነጭ፣ ጠንከር ያለ ሥጋ ነው፣ አጥንቱ አያስቸግርም። እኛም ለዓመታት ጣታችንን እየላስን በላን።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት በታኅሣሡ ቅዳሜ ኪችን ውስጥ እየረዳኋቸው ነበር። አንዱን ዓሣ ቆዳውን ሳይገፍፉት ሙሉውን ትሪ ላይ አስተኝተውታል፣ ሰው እንዲያየው ይወዳሉ። በባዶ እጄ ከጅራቱ ወደ ራሱ ዳበስ ባደርገው ልሙጥ ነው፣ ያሙለጨልጫል። ሐይቁ ላይ የያዝኩት በወፍራም ጓንት ስለነበር አላስተዋልኩም። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት አፍ እንዳለኝ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ትሪውን እንደያዝኩ ሳሎን ገባሁና "ኧረ ጉድ! ይሄ እኮ እንደ አምባዛ ነው! ጋሼ፣ ቅርፊቱ የታለ?" አልኩ። ለቀልድ ነው። በእግዜር ስም፣ ለቀልድ ነው።

ለሰው ጉርሻ የዘረጉ እጃቸውን መለሱ። እኛ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም፤ ርኩስ ነው። አምባዛን በዚህ ምክንያት ቤቱ አስገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር ሳሎኑን የሞላው። አቶ ንጉሤ ሳህናቸውን አስቀምጠው "ይርጋ፣ ምንድን ነው ይቺ ሴትዮ የምትለው?" አሉ።

ጋሽ ይርጋ አልተቆጡም። ከመሳቢያ ማጉያ መነጽር አወጡ፣ በቢላ ጫፍ የዓሣውን ጎን ፍቅ ፍቅ አድርገው ጥቁር ሳህን ላይ አራገፉት። "አለው። ደቃቅ ነው፣ ቆዳው ውስጥ ተቀብሯል። እዩት።" እኔ ቀድሜ አየሁ። ክብ፣ ከሰሊጥ የሚያንስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርፊት። አቶ ንጉሤም ጎንበስ ብለው አዩ።

"እሺ፣ አለው" አሉ። "ግን የሰው ልብ አንዴ ተጠራጥሯል። ለሁላችንም ሰላም እንዲሆን እዚሁ በጽዋው ፊት ማልልን። 'ከዚህ ቤት አንድም ቀን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለማኅበሩ አልቀረበም' በል፣ በቃ ያልቃል።"

ያልቃል ብዬ ሳህን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ቅርፊቱ ሳህን ላይ አለ፣ ሰውየው አዋቂ ናቸው፣ መማል ነው። ጋሽ ይርጋ ግን ቢላውን አስቀመጡ። እጃቸውን አዩ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ፣ ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ።

"ይደር" አሉ።

"እንዴት ይደር? ገብርኤል እኮ ነው!" አሉ አቶ ንጉሤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ።

"አልምልም ንጉሤ።"

ማንም እንጀራውን አልጨረሰም። ጽዋውን ለተረኛው የሚያስረክበው የቤቱ ጌታ ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው። ያን ቀን አቶ ንጉሤ ራሳቸው አንስተው ሰጡ። ጋሽ ይርጋ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን "እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ሸኙን። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራቸውም፣ እሳቸውም አልመጡም። እኛ ለየንስሐ አባታችን ነገርን፣ ስግደት ተሰጠን። እኔም በዚህ ጉልበቴ እየወደቅኩ እየተነሳሁ ሰገድኩ፣ በየስግደቱ መሃል ጋሽ ይርጋን እየረገምኩ።

አራት ዓመት ሙሉ ግራ ገባኝ። ሰው ንጹሕ ከሆነ ለምን አይምልም? ካልሆነስ ለምን ቅርፊቱን ያሳያል? አንዳንዱ "ዝዋይ ሆኖ አምባዛ ለምዶ ነው" አለ። ሌላው "ትዕቢት ነው" አለ። እኔ አንዱን ሳምንት አንዱን፣ ሌላውን ሳምንት ሌላውን አመንኩ። አንድ ቀን ቶርንክሊፍ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸውና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ቅርፊቱን በገዛ እጅዎ አሳይተው አልምልም ማለት ምን ማለት ነው?"

"አንቺስ ምን ይመስልሻል?"

"ትዕቢት ይመስለኛል።"

"ሊሆን ይችላል" አሉኝ ከልባቸው አስበው። ንዴቴ ጣራ ነካ። እሳቸው ግን "ማኅበሩ ደህና ነው? አንቺስ አሁንም ትሄጃለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ባገኙኝ ቁጥር ይቺኑ ይጠይቁኛል። "እሄዳለሁ" ስላቸው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ፣ ፊታቸው ሁሉ በርቶ። በእኔ መሄድ እሳቸውን ምን እንደሚያስደስታቸው አይገባኝም ነበር።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ደግሞ በሬን አንኳኩተው በፌስታል የተጠቀለለ ዓሣ ይሰጡኛል። ተቀብዬ እስማቸዋለሁ፣ እሳቸው ሊፍት ውስጥ ሲገቡ ዓሣውን ይዤ ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለፊሊፒኗ እሰጣለሁ። በሳምንቱ ሲደውሉ "ሲጣፍጥ!" እላለሁ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ሞታቸውን የሰማሁ ቀን ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ቶርንክሊፍ ተመልሼ ቤታቸው ሄድኩ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ በጎረቤት ሞልቷል፤ ከማኅበሩ ግን አንድም ሰው የለም። ልጃቸው ሊያ ኪችን ውስጥ ብቻዋን ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች፣ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ይበዛዋል፣ ግን አንጀቷ የአባቷ ነው።

"አንቲ፣ ይመጣሉ? ማኅበሩ?" አለችኝ። "አባዬ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ጀስት እሱን።"

ያመቅኩት ሁሉ ያኔ ወጣ። "እኔ ምን አውቄ! አንድ ቃል ቢምሉ ያልቅ ነበር እኮ! ቅርፊቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዓሣቸው ንጹሕ ነው። ለምን አልማሉም? ለምን እንዲህ አደረጉን?"

ሊያ ውሃውን ዘጋች። "አንቲ፣ ሊንጉ አይደለም። ሊንጉ ኦኬ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ያኛው ዓመት። ጉልበቱን ኦፕሬሽን ያደረገ ጊዜ። አንቺ ያበሰልሽው።"

አስታወስኩ። ከመሐላው ሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዊንተር በረዶው ደህና አልያዘም፣ ፍሪዘራቸው ባዶ ነበር። ታኅሣሥ ሲደርስ ደግሞ እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። "ጽግዬ፣ ቲላፒያ ገዝተሽ አንቺው ሥሪልኝ" አሉኝ። ከሥራ ወጥቼ ሱቅ ብገባ ቲላፒያው አልቋል። አጠገቡ የተገፈፈ፣ የተቆረጠ፣ ነጭ ዓሣ በፓኬት አለ፤ ባሳ ይላል። ዓሣ ዓሣ ነው ብዬ ወሰድኩ። አበሰልኩ፣ ሰው አመሰገነኝ፣ እኔም ኮራሁ።

"ባሳ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ካትፊሽ ነው አንቲ። ያ... አምባዛ የምትሉት ዓይነት። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባዬ በክራንች ጋርቤጁን ሲያወጣ ፓኬቱን አየው። በጣም ሳቀ። ከዚያ ደግሞ አልሳቀም። 'ለማንም አትንገሪ' አለኝ። 'ጽጌ ከባሏ ተለይታ ያላት ይሄ ማኅበር ብቻ ነው' አለኝ። አይ ቶት... አንቺ የምታውቂ መሰለኝ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያን ዓመት እኔ እንዳበሰልኩ ማኅበሩ ሁሉ ያውቃል። "አንድም ቀን አልቀረበም" ብለው ቢምሉ በገብርኤል ላይ መዋሸት ነው። "አንድ ቀን ቀርቧል" ቢሉ እኔ ነኝ። ትሪ ይዤ ገብቼ "ቅርፊቱ የታለ?" ብዬ የጮኽኩት ደግሞ እኔው! ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ያዩት ለዚህ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ እሳቸው ግን የወጣውን በአራት ዓመት ዝምታ አፍነው ያዙልኝ። አለቀስኩ፣ ተናደድኩም። ምን ማለት ነው? እኔን ማን ጠየቀኝ? ነግረውኝ ቢሆን ወድቄ ይቅርታ እጠይቅ አልነበር? አንድ ስግደት ተሰጥቶኝ ያልቅ አልነበር? ወይስ ላያልቅ ይችል ነበር? ይሄ ነው የማላውቀው።

ሊያ ስልኳን አየችና "የማኅበሩ ሰዎች ታች ናቸው፣ ሎቢ። አልወጡም" አለች።

ሊፍቱን አልጠበቅኩም፣ በደረጃ ወረድኩ። አምስቱ የማኅበሩ ወንዶች ሎቢው ውስጥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ይነጋገራሉ። አቶ ንጉሤ "በግል እንግባ፣ በማኅበር ስም ግን..." ሲሉ ደረስኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቅርፊት የሌለውን ያበላኋችሁ እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጋ ጉልበታቸውን የታመሙ ዓመት። ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ሳላውቅ። የእሳቸው ዓሣ ምንም የለበትም።"

አንዱ "እሱስ ያውቅ ነበር?" አለ።

"ከበላን በኋላ ነው ያወቁት። ስሜን ላለመጥራት ነው ያልማሉት። ከፈለጋችሁ እኔን አስወጡኝ፣ ዛሬውኑ ከማኅበሩ..."

"እስቲ ዝም በይ ጽጌ!" አሉ አቶ ንጉሤ። "አንድ ቀን ዝም በይ!" ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግድግዳውን ተደገፉ። "በጽዋው ፊት ነው ያፋጠጥኩት" አሉ በመጨረሻ። "በገዛ ቤቱ። እንጀራውን እየበላሁ።" ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ሊፍቱን ተጫኑ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ቀድመው ገቡና ለሊያ "የገብርኤል ማኅበር ነን ልጄ" አሏት።

ከቀብሩ በፊት በነበሩት ሌሊቶች ብዙ አሰብኩ፣ አሁንም አስባለሁ። ያን ሁሉ ዓመት "አሁንም ትሄጃለሽ?" ሲሉኝ፣ እኔ "እሄዳለሁ" ስላቸው፣ እሳቸው "እሰይ" ሲሉ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ? ደግነት ነው ብዬ እንዳልተው፣ እኔን ከማኅበር እንዳይለዩኝ ብለው ራሳቸውን ለዩ፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ሰው ሳይጠይቅ እንዴት ይጫንበታል? ሞኝነት ነው እንዳልል አፌ አይታዘዝልኝም። ግራ እንደገባኝ ነው።

የቀብሩ ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰው ወደ መቃብሩ መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ወንዶቹ ሳጥኑን ከበቡ። ከዱሮዎቹ ስምንት ወንዶች ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ካልጋሪ ሄዷል። አምስት ናቸው። እጀታው ስድስት ነው። የቀብር ድርጅቱ ሠራተኛ ቶሎ ብሎ ጓንቱን አጥልቆ ወደ ባዶው ቦታ ሲመጣ አቶ ንጉሤ በእጃቸው ከለከሉት። "የማኅበሩ ሰዎች ነው ያለው" አሉ። ዞር ብለው ሴቶቹ መሃል ፈለጉኝ።

"ነይ፣ ያዢ።"

"እኔ?"

"አንቺ።"

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሄድኩና በግራ በኩል የኋላውን እጀታ ያዝኩ። አቶ ንጉሤ ከፊት ሆነው "በስመ አብ" አሉና አነሳን።

ጋሽ ይርጋ ከባድ ነበሩ።